ባክቴሪያው አልጠፋም

ስለ ፋብሪካ ፍሳሽ በሚወራበት መድረክ ሁሉ አንድ ተስፋ አብሮ ይነሣል። መርዝ የሚበላ ባክቴሪያ ተገኝቷል፤ ይራባል፣ ታሽጎ ይመጣል፣ የፋብሪካው ገንዳ ውስጥ ይጨመራል፣ ወንዙም ይጠራል። ዜናው የሚዘገበው እንዲህ ነው። የምርምር ገንዘብ የሚጠየቀው፣ ዱቄቱ በከረጢት የሚሸጠውም ይኸው እየተባለ ነው። ባለሥልጣኑም ይወደዋል፤ ማንንም ሳያስቀይም ሊያስተዋውቀው የሚችል መፍትሔ ነውና። እኔ ግን ይህን አስተሳሰብ አጥብቄ እቃወማለሁ። ስሕተት ነው፤ ከስሕተትነቱም አልፎ ሰው ይጎዳል። የሚጎዱት ደግሞ ከሞጆና ከአቃቂ ወንዞች በታች ከብት የሚያጠጡ፣ ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ፣ ልብስ የሚያጥቡ ሰዎች ናቸው።

ባክቴሪያ የኢንዱስትሪ ኬሚካልን መሰባበር መቻሉን አልጠራጠርም። ፌኖልን፣ ሳያናይድን፣ አሞኒያን፣ የነዳጅ ዘይትን፣ ብዙ ዓይነት የጨርቅ ቀለምን ይሰባብራል፤ ይህን ያህል ብዙ ሥራ በዚህ ያህል ትንሽ ወጪ የሚሠራ ሌላ ዘዴ አላውቅም። ጸቤ ከባክቴሪያው ጋር አይደለም። የጎደለን ባክቴሪያ ነው ከሚለው እምነት ጋር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1914 ማንቸስተር ላይ ኤድዋርድ አርደንና ዊልያም ሎኬት የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች የከተማ ፍሳሽ ጠርሙስ ውስጥ አድርገው አየር ይነፉበት ነበር። የመጀመሪያው ፍሳሽ በሚገባ እስኪጣራ አምስት ሳምንት ያህል ፈጀ። ከእነሱ በፊት የሞከሩ ሰዎች ሙከራው ሲያልቅ ጠርሙሱን አጥበው እንደገና ይጀምሩ ነበር። ሁለቱ ግን የጠራውን ውኃ ብቻ ቀዱና ከሥር የዘቀጠውን ቡናማ ዝቃጭ አስቀሩት። በላዩ አዲስ ፍሳሽ ጨመሩ፣ አየር ነፉበት፣ አሁንም ዝቃጩን አስቀሩት። ይህን ሲደጋግሙ የአምስት ሳምንቱ ሥራ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ የሚያልቅ ሆነ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ አብዛኛው ትልልቅ የፍሳሽ ማጣሪያ የሚሠራው በዚህ ዘዴ ነው። ከቡሃቃው ሥር እርሾ ማስቀረትን የሚያውቅ የኛ አገር ሰው ለመረዳት አይቸገርም፦ ማንም እርሾ ከውጭ አገር አያስመጣም፤ ያለውን ይጠብቃል፣ ይመግባል፣ በሚቀጥለው ቡኮ ላይ ይጨምራል። አርደንና ሎኬት አንድም ባክቴሪያ አልገዙም፣ አልፈለሰፉም። ፍሳሹ ውስጥ የነበሩትን አላባረሯቸውም፤ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

«ያ የሰው ቆሻሻ ነው፤ የፋብሪካ መርዝ ሌላ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። አሜሪካ፣ ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ የነበረውን የሆምስቴክ የወርቅ ማዕድን ተመልከቱ። ወርቁ የሚወጣው በሳያናይድ ነበር፤ ፍሳሹ የሚገባበት የኋይትውድ ጅረት ዓሣ አልባ ሆኖ ኖሯል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1984 የከፈተው ማጣሪያ በትልልቅ ተሽከርካሪ ዲስኮች ላይ በተለጠፉ ባክቴሪያዎች ሳያናይዱን ያስበላ ነበር። ባክቴሪያዎቹ የተገኙት እዚያው ማዕድኑ ቆሻሻ ውስጥ ነው። መርዙን ለዓመታት ሲለማመዱ ኖረዋል፤ ባለሙያዎቹ ያደረጉት የሚያርፉበት ገጽ፣ አየርና ፎስፈረስ መስጠት ነበር። ጅረቱ እንደገና ዓሣ ያዘ።

በተቃራኒው የተፈለሰፈው ባክቴሪያ ምን ሆነ? ትውልደ ሕንዳዊው አናንዳ ቻክራባርቲ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ ድፍድፍ ነዳጅ የሚሰባብር ባክቴሪያ ሠራ። የፈጠራ ባለቤትነቱ ክርክር እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1980 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ተፈረደለት። በሕግ ታሪክ ስመ ጥር ነው፤ ባሕር ላይ የፈሰሰ ነዳጅ ለማጽዳት ግን አንድም ቀን ተለቅቆ አያውቅም። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ አላስካ ጠረፍ ላይ 40 ሚሊዮን ሊትር ያህል ድፍድፍ ነዳጅ ስታፈስ፣ በባሕሩ ዳር የተረጨው ማዳበሪያ ነው። በድንጋዩ ላይ የነበሩት ባክቴሪያዎች ካርቦን ሞልቶ ተርፏቸው ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ብቻ ቸግሯቸው ስለነበር፣ ማዳበሪያው ሲደርሳቸው ሥራቸው ፈጠነ። ነጋዴዎች ያቀረቧቸው የታሸጉ ባክቴሪያዎችም እዚያው ተሞክረው፣ ከማዳበሪያው የተሻለ ውጤት አላሳዩም።

ይህ ትምህርት ለኛ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በቀጥታ ይሠራል። የማቅለሚያ ፍሳሽ ስታርችና ቀለም ይበዛዋል፣ ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ያንሰዋል። መቶ እጅ ምግብ ለመብላት ባክቴሪያ አምስት እጅ ናይትሮጂንና አንድ እጅ ፎስፈረስ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ገንዳው ውስጥ የሚጨመረው ገበሬው የሚያውቀው ዩሪያና ዳፕ ነው። በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ዱቄት እየተበተነበት ዩሪያ የተነፈገ ገንዳ ምንም ቢደረግለት አይሠራም።

የታሸገው ባክቴሪያ ገንዳ ውስጥ ገብቶ የሚደርስበት ዕጣ በሰፊው ሊታወቅ ይገባል። ያደገው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ በ30 ወይም በ37 ዲግሪ ሙቀት፣ በንጹሕ ብልቃጥ፣ ስኳር እየተሰጠው፣ አንድ ቀለም ብቻ እየቀረበለት፣ ያለ ተፎካካሪ። ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ ቀዝቃዛ፣ ጨዋማ፣ ሳሙናና ኮስቲክ ሶዳ የተቀላቀለበት ገንዳ ውስጥ ይጣላል። ነባሮቹ ምግቡን ይሻሙታል፣ ፕሮቶዞዋ የሚባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ይበሉታል፣ የተረፈው ከውኃው ጋር ታጥቦ ይወጣል። በሚቀጥለው ወር ሌላ ከረጢት ይታዘዛል። ለሻጩ ጥሩ ንግድ ነው።

ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? አየር ነው፣ ጊዜ ነው፣ ቧንቧ ነው፣ ሰው ነው።

ከአየሩ ልጀምር። ገንዳው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች በደንብ የሚሠሩት በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ሁለት ሚሊግራም ያህል የሟሟ ኦክስጅን ሲያገኙ ነው። ይህን ኦክስጅን የሚያስገባው ብሎወር ቀንና ሌሊት መዞር አለበት፤ ከማጣሪያው የኤሌክትሪክ ፍጆታ ግማሽ ያህሉን የሚበላው እሱ ነው። ብሎወሩ ሲቆም ኦክስጅኑ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የሚነሣው ለማን ነው? ለማምረቻው ነው። ወጪ ይቀነስ ሲባል መጀመሪያ የሚጠፋው ማብሪያ ማጥፊያ የማን ነው? የብሎወሩ ነው፤ ምክንያቱም ብሎወር ቢቆም አንድ ጫማ አይቀንስም፣ አንድ ሸሚዝ አይጎድልም። ለጥቂት ሰዓት ሲቆም ዝቃጩ ይጠቁራል፤ ለቀናት ከቆመ የበሰበሰ ዕንቁላል ይሸታል። አሞኒያን የሚበሉት ዘገምተኛ ባክቴሪያዎች ከሞቱ በኋላ ለመመለስ ሳምንታት ይፈጅባቸዋል። ባክቴሪያው አልሠራ አለ የሚባለው ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ነው።

የዚህን ሥራ ባሕርይ ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አንድ ሊትር የሚይዝ መስፈሪያ ከገንዳው ቡናማ ውኃ ይሞላና ጠረጴዛ ላይ ለ30 ደቂቃ ይቀመጣል። ዝቃጩ ጤነኛ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እንደ ደመና መሰባሰብ ይጀምራል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ከላዩ የጠራ ውኃ ጥሎ ከሥር ይከማቻል። ሲያሸቱት የዝናብ አፈር ይሸታል። ታምሞ ከሆነ ደግሞ ክር ክር የሚመስሉ ባክቴሪያዎች በዝተውበት ስለሚነፋ አይወርድም፤ ሰላሳው ደቂቃ አልቆ መስፈሪያው እስከ አፉ ድረስ ቡናማ እንደሆነ ይቀራል። ሌላው ምልክት ደግሞ ዝቃጩ ከወረደ በኋላ ከላይ ያለው ውኃ ደፍርሶ መቅረቱ ነው፤ ያኔ ከፋብሪካው መርዝ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ልምድ ያለው ኦፕሬተር ይህን መስፈሪያ አይቶ ትናንት ማምረቻው ውስጥ ምን እንደተደፋ ይነግራችኋል። በየቀኑ ለካ፣ በየቀኑ መዝገብ ላይ ጻፈ ማለት ደግሞ የገንዳው ታሪክ በእጁ ነው ማለት ነው። ይህ ሰው በብዙ ቦታ በፋብሪካው ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፈለው ነው፤ ሥራውም እንደ ቅጣት ይታያል፤ የተሻለ ቦታ ባገኘ ማግስት ይሄዳል፣ ልምዱም አብሮት ይሄዳል። ለአዲስ ባክቴሪያ ፍለጋ የሚመደበው ገንዘብ ጥቂቱ እንኳ ይህን ሰው ለማሠልጠንና ለማቆየት ቢውል ወንዙ ልዩነቱን ያየው ነበር።

በዚህ ክርክር ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የማቅለሚያው ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ተስፋው ወደ አደጋ ይለወጣልና። ጥጥ በሪአክቲቭ ቀለም ሲነከር፣ እንደ ቀለሙና እንደ ጨርቁ ዓይነት ከ10 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ቀለም ጨርቁን ሳይዝ ከውኃው ጋር ይወጣል። ከእነዚህ ቀለሞች አብዛኞቹ አዞ የሚባሉት ናቸው፤ ሁለት የናይትሮጂን አቶሞች እርስ በርስ ተያይዘው ቀለም ይሰጧቸዋል። አየር በሌለበት ገንዳ ባክቴሪያዎች ይህን ማያያዣ ይቆርጡታል። ሰማያዊው ውኃ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይገረጣል፤ ፎቶ ይነሣል፤ «በፊት» እና «በኋላ» ተብሎ ጎን ለጎን ይቀርባል። ነገር ግን ማያያዣው ሲቆረጥ የሚቀሩት ቁርጥራጮች አሮማቲክ አሚን የሚባሉ፣ ዓይን የማያያቸው ኬሚካሎች ናቸው። ከእነሱም መካከል ቤንዚዲንን የመሰሉ፣ የሽንት ፊኛ ካንሰር እንደሚያመጡ በማያጠራጥር ሁኔታ የተረጋገጠባቸው አሉ። የአውሮፓ ኅብረት እንዲህ ያለ አሚን የሚለቁ ቀለሞችን ከጨርቅ የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። አሚኖቹን ለመሰባበር ሁለተኛ ገንዳ ያስፈልጋል፤ አየር የሚነፋበት፣ ውኃው በቂ ጊዜ የሚቆይበት። የመጀመሪያውን ገንዳ ሠርቶ ሁለተኛውን ያስቀረ ፋብሪካ የሚታይ መርዝን ወደማይታይ መርዝ ቀይሮ ለቀቀ ማለት ነው። ውኃው ሰማያዊ ሆኖ ሲወርድ ከብቱን ያስመልስ የነበረ እረኛ፣ የጠራ ሲመስለው ልጁንም ያጠጣዋል። ስለዚህ ቀለም ጠፋ የሚል ማንኛውም ሪፖርት አሚኑ ተለክቶ ካልቀረበበት ስኬት ተብሎ ሊጻፍ አይገባውም።

ወደ ቆዳው ልለፍ። ሞጆ ያለው ችግር ከዚህ ይለያል፣ መልሱም ይለያል። በተለመደው አሠራር ቆዳ የሚለፋው በክሮም ሲሆን፣ ወደ ማልፊያው ከበሮ ከሚገባው ክሮም አንድ ሦስተኛ ያህሉ ቆዳውን ሳይዝ ይወጣል። ክሮም ንጥረ ነገር ነው። ንጥረ ነገርን ሰባብሮ የሚያጠፋ ባክቴሪያ የለም፤ ወደፊትም አይኖርም። ባክቴሪያ ማድረግ የሚችለው ክሮም ስድስት የሚባለውን መርዛማ ዓይነት መርዛማነቱ ወዳነሰው ክሮም ሦስት መለወጥ ወይም በአካሉ ላይ መያዝ ነው። ክሮሙ ያው ዝቃጩ ውስጥ አለ። ዝቃጩ ሜዳ ላይ ከተደፋ ደግሞ ዝናብ ጠብቆ ይመለሳል። ስለዚህ ክሮም የሚበላ ባክቴሪያ አገኘን የሚለው ዜና ለአንባቢው ሐሰት ነው፤ ጥናቱን የሠራው ሰው ቃሉን ባይናገረውም እንኳ።

ይህ በሌላ አገር ወንዝ ላይ አነስተኛ ነገር ሊመስል ይችል ይሆናል። ሞጆ ወደ ቆቃ ይፈስሳል፤ ሁለቱ አቃቂዎች አባ ሳሙኤል ላይ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም። እርሻ እያጠጣ፣ ከተማ እያጠጣ ወርዶ አፋር ውስጥ፣ በጅቡቲ ድንበር፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ወደ አዋሽ የገባ ክሮም መውጫ የለውም።

የክሮም መፍትሔ የታወቀ፣ ያረጀ፣ ዜና የማይሆን ነው። የክሮሙ ፍሳሽ ከሌላው ተለይቶ በራሱ ቧንቧ ይወጣል፤ ኖራ ወይም ማግኒዥየም ኦክሳይድ ሲጨመርበት ክሮሙ ይዘቅጣል፤ ማግኒዥየሙ የሰጠው ዝቃጭ በአሲድ ሟሙቶ ተመልሶ ወደ ከበሮው ይገባል። ፋብሪካው ገንዘቡን ያስመልሳል። ኖራና ሰልፋይድ ያለበት የጠጉር ማርገፊያው ፍሳሽም የራሱ ቧንቧ ያስፈልገዋል። ሁለቱ ከተቀላቀሉ በክሮሙ ፍሳሽ ውስጥ ያለው አሲድ ከሰልፋይዱ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ሲበዛ አፍንጫን አደንዝዞ ሽታው እንኳ ሳይታወቅ ሰው ይገድላል፤ በልዩ ልዩ አገሮች የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኞች ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ያለቁት በዚህ ነው። ክሮሙና ሰልፋይዱ ከተለዩ በኋላ ለባክቴሪያው የሚቀረው ሥጋው፣ ስቡ፣ ፕሮቲኑና አሞኒያው ነው፤ ይህን ደግሞ በደንብ ይሠራዋል። እዚያው ሞጆ ላይ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት የሙከራ ማጣሪያ አየር ያለውንና አየር የሌለውን ገንዳ አከታትሎ ከቆዳ ፍሳሽ ናይትሮጂንን ማስወገድ እንደሚቻል ካሳየ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ያኔ የታወቀው ነገር ዛሬ እንደ አዲስ ተስፋ ሲነገር መስማት ያሳዝነኛል።

ሐቀኛ ለመሆን፣ ባክቴሪያ ከውጭ ማምጣት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ብረት ማጽጃው ትራይክሎሮኢቲሊን ከምድር በታች ያለ ውኃ ውስጥ ሲገባ፣ እስከ መጨረሻው በመሰባበር በዋነኝነት የሚታወቁት ባክቴሪያዎች ዴሃሎኮኮይዲስ የሚባሉት ናቸው፤ በየቦታውም አይገኙም። ሌሎች ባክቴሪያዎች ሥራውን ጀምረው መንገድ ላይ ያቆሙትና ቪኒል ክሎራይድ የተባለ ከመጀመሪያው የባሰ ካንሰር አምጪ ይተዋሉ። ቴክሳስ፣ ኬሊ የአየር ኃይል ሠፈር ላይ እነዚህ ባክቴሪያዎች ያሉበት ድብልቅ ወደ ምድር ተጨምሮ የዚሁ ዓይነት መርዝ ጉዳት ወደሌለው ኢቲሊን ተለወጠ። ግን የተደረገውን ልብ በሉ፦ ባለሙያዎቹ መጀመሪያ ባክቴሪያው እዚያ አለመኖሩን መረመሩ፤ ኦክስጅኑን አስወጡ፤ ምግብ ሰጡት፤ ከዚያ ጨመሩ። ሮተርዳም ደግሞ አሞኒያን በትንሽ ኃይል የሚያስወግደውን አናሞክስ የተባለ ባክቴሪያ በትልቅ ማጣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስገባ፣ በአሥራ አንድ ቀን አንዴ ብቻ የሚራባውን ፍጡር እስኪበዛ ሦስት ዓመት ተኩል ጠበቀች። የሚሠራው በትዕግሥት፣ በመዝገብና በማያቋርጥ ክትትል ነው። ሪባን በተቆረጠ ማግስት የሚጠራ ወንዝ የለም።

የፋብሪካ ባለቤቶች አንድ መልስ አላቸው፤ ክብደት ያለውም ነው። መብራቱ ውድ ነው፣ ይቆራረጣል፣ መለዋወጫ በዶላር ነው፣ በዚህ ሁሉ ላይ የሺዎች እንጀራ አለ ይላሉ። እቀበላለሁ። ነገር ግን ብሎወር ያላዞረ ፋብሪካ ወጪውን አላስቀረውም፤ ለሌላ ሰው አስተላለፈው። ሒሳቡን የሚከፍለው ከብቱ የሞተበት፣ ጎመኑን ገበያ ላይ የሚገዛው ያጣ፣ ውኃ ፍለጋ ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያስቀር ሰው ነው። ሥራ ፈጥረናል ማለት የዚህን ሰው ሥራ ለማጥፋት ፈቃድ አይሆንም። ችግሩ እውነት መብራት ከሆነ፣ ፋብሪካዎቹ ተሰባስበው በጋራ ማጣሪያ ሊሠሩ፣ ለማጣሪያው ብቻ የተለየ መስመር ሊጠይቁ ይችላሉ። ይህን የሚጠይቅ ድምፅ ዱቄት የሚያስተዋውቀውን ያህል ቢሰማ ኖሮ አንድ ነገር በሆነ ነበር።

ተመራማሪዎቻችንንም አልወቅስም፤ ጥያቄ ግን አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 የጃፓን ሳይንቲስቶች የፕላስቲክ ጠርሙስ የሚበላ ባክቴሪያ ማግኘታቸውን ሲያሳውቁ ዓለም ተደነቀ። በ30 ዲግሪ ሙቀት ስስ ፕላስቲክ ለመብላት ስድስት ሳምንት ያህል እንደፈጀበት የነገረን ግን ጥቂት ሰው ነው። እኛም ጋ ወጣት ተመራማሪ የሚሸለመው አዲስ ባክቴሪያ አግኝቶ ስም ሲያወጣለት ነው። አንድ ነባር ገንዳ ለምን እንደታመመ ለሁለት ዓመት ተከታትሎ ያዳነውን ሰው የሚሸልም አላየሁም። ለማስተርስ ጥናት እዚያው ፋብሪካው ገንዳ አጠገብ፣ በእውነተኛው ፍሳሽ፣ በክረምቱ ብርድና በመብራት መጥፋቱ መካከል መሥራት ግዴታ ይሁን። ብልቃጥ ውስጥ የተሠራው የትም አይሄድም።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በራሴ ላይ ደርሷል ማለት ሳያስፈልገው፣ በበካይ ላይ አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅድለታል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። ከወንዞቹ በታች ያሉ ማኅበራትና ቀበሌዎች በዚህ መብት ይጠቀሙበት። አቤቱታውም «ባክቴሪያ ይጨመርልን» አይበል። የብሎወሩ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ለብቻው ይተከል፣ ንባቡ በየሰዓቱ ይመዝገብ፣ የኦክስጅኑና የሠላሳ ደቂቃው መስፈሪያ መዝገብ በየሳምንቱ በፋብሪካው በር ላይ ይለጠፍ ይበል። ተቆጣጣሪ ቀን በሥራ ሰዓት መጥቶ የሚቀዳው ናሙና ለዚያች ሰዓት ተዘጋጅቶ ሊጠብቀው ይችላል። ቆጣሪው ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብሎወሩ ቆሞ ከነበረ ይመዘግበዋል፤ እንዲህ ያለ ንባብ የተገኘበት ፋብሪካ የሚቀጥለው ናሙና የሚቀዳው በዚያው ሰዓት፣ በሌሊት፣ ሳይነገረው መሆን አለበት።